ዓባይ በረሃ ላይ ጉልበት የሚያጣ ሱፐርቻርጀር፦ የነዳጅ ግፊት ችግርና መፍትሄ

ጎጃም ውስጥ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው የቤንዚን መኪና ብዙ አይታይም። ኋላው ላይ «ኮምፕሬሰር» የተጻፈበት መርሰዲስ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ቆይቶ የተገጠመለትም አለ። ችግር ሲመጣ ታዲያ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የነዳጁን ግፊት የሚወስነውን ሬጉሌተር ነው። ቁልፍ አስገብቶ ማጥበቅ ቀላል ነዋ! ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ

የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ የነዳጅ መስመሩ ላይ ግጠሙ። ከሬጉሌተሩ ወደ ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉና የማኒፎልዱን ቀዳዳ ድፈኑ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ብዙ መኪኖች 3 ባር ገደማ ያሳያሉ። የእናንተን ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ላይ እዩ። በሬጉሌተሩ ቡሎን የሚስተካከለው ይህ ብቻ ነው። ሬጉሌተሩ ታንክ ውስጥ ከሆነና ቱቦም ከሌለው የሚስተካከል ነገር የለም፤ ማካካሻውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው።

ቱቦዋ ስትመለስ ግፊቱ ይወርዳል፤ ማኒፎልዱ ይስባታልና። እዚህ ጋ ከፍታው ያሳስታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋለች። የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን 1 ባር ይሆናል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ የማኒፎልዱ ስበት ይደክማል። መመሪያው ቱቦዋ ተሰክታ 2.4 ባር ቢል፣ እናንተ 2.6 ብታነቡ ሞተሩ ጤነኛ ነው። «ግፊቱ በዝቷል» ተብሎ ሬጉሌተሩ ከላላ ግን ዳገት ላይ ጉድ ይፈላል።

ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ያንኳኳል

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ሲያንኳኳ እየሰማችሁ አትርገጡ፤ ፒስተን ይቀልጣል።

ሱፐርቻርጀሩ 0.5 ባር ሲገፋ የነዳጁ ግፊትም ከ3 ወደ 3.5 መውጣት አለበት። ጌጁን በረጅም የነዳጅ ቱቦ አውጥታችሁ ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር ለጥፉት። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ጋቢና ውስጥ አይገባም። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ያንብብ።

መርፌው 3 ላይ ከደረቀ ቀጭኗ ቱቦ ተሰንጥቃለች፣ ወልቃለች፣ ወይም ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ተሰክታለች። መሰካት ያለባት ግፊቱ ካለበት፣ ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ነው። ቀይሯት፣ በማጥበቂያ እሰሯት። መርፌው መውጣት ጀምሮ ከወረደ ደግሞ ነዳጁ አልደረሰም። በመጀመሪያ ፊልትሮውን ቀይሩ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ቤንዚን የቀዳ ሰው ፊልትሮው ቶሎ ቢደፈን አይግረመው፤ አቧራውም ውሃውም አብሮ ይገባል። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የፓምፑን ጫፍ በቮልቲሜትር ለኩ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት እያለ ፓምፑ ላይ 11 ከሆነ ሽቦውን፣ ሪሌውንና ማሳውን (ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን ሽቦ) ፈትሹ። ፓምፕ መግዛት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዋጋውም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

«ማርቆስ ላይ ደህና ነበር፣ ዓባይ ጋ አቃተው» የሚለው ቅሬታም ምክንያት አለው። በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር የሚያገኘውን የአየር ግፊት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቁጥር፣ ለምሳሌ በአንድ ተኩል፣ ነው የሚያባዛው። በባሕር ወለል 0.5 ባር የሚገፋ፣ ማርቆስ ላይ 0.4 እንኳ አይሞላም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። አየሩ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሞተሩም ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። ወዲያው ዳገቱ ይጀምራል። ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ያልታየ የፓምፕ ድካም የሚጋለጠው እዚያ ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ዙሪያውን ያለው ቤንዚን ስለሆነ በሩብ ታንክ በረሃ መውረድ ራሱ ችግር ይጋብዛል። ለሙከራው ደግሞ ከድልድዩ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው መንገድ ከሁሉ ይሻላል። ጭነት ያዙ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ውጡ።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የጠቆረ ካንዴላ

ነዳጅ በዝቷል። ቀጭኗን ቱቦ ነቅላችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ካራሳት የሬጉሌተሩ ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዷል፤ ሬጉሌተሩን ቀይሩ፣ አይጠገንም። ደረቅ ከሆነችና ግፊቱ ግን ከልክ በላይ ከሆነ ወደ ታንክ የሚመለሰው መስመር ታጥፎ ወይም ተደፍኖ ይሆናል።

ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ብዙ ቆይቶ ይነሳል

ሞተሩን አጥፍታችሁ ጌጁን ተመልከቱ። መርፌው በደቂቃ ውስጥ ወደ ዜሮ ከወረደ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቼክ ቫልቭ አልያዘም፣ ሬጉሌተሩ ያሳልፋል ወይም ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጄክተር ያንጠባጥባል። እንደገና ግፊት ሙሉና የመመለሻውን ጎማ ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ። ይህን ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ሞክሩት። መርፌው ከቆመ ሬጉሌተሩ ነው። አሁንም ከወረደ ከፓምፑ በኩል የሚመጣውን ቱቦ ቆንጥጡ፤ ያኔ ከቆመ ቼክ ቫልቩ ነው። በሁለቱም ካልቆመ ኢንጄክተሮቹን አውጥታችሁ አፋቸው ላይ ጠብታ ፈልጉ።