የሾትጋን ጥይት፦ ቤት ውስጥ የሚጀመሩ ስህተቶች

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታና በሰበታ ዙሪያ ከአባት ወይም ከአያት የወረደ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች የሚበትን ጠመንጃ) ያለው ቤት ታገኛላችሁ። ጠመንጃው ይወለወላል። ሰደፉ ዘይት ይቀባል። ፈቃዱም ይታደሳል። ጥይቱስ? ጥይቱ በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ስር ነው። ማን እንደገዛው፣ ስንት ክረምት እንዳለፈበት የሚያስታውስ የለም።

ሰው ጠመንጃውን ይፈራል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ጥይቱን ነው። አፈሙዝ ሲፈነዳ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ሜዳ ላይ አይደለም። ከመውጣታችን በፊት ጥይቱን ስንመርጥ፣ ስናስቀምጥ ወይም ስንነካካ ነው። ለቆቅና ለጅግራ የሚወጣም ሆነ ኢላማ የሚተኩስ ሰው እነዚህን ስህተቶች ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል።

ቀለህ ለቅሞ እንደገና መሙላት

ጥይት ሲወደድና ሲጠፋ ቀለህን፣ ማለትም የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊትን፣ እንደገና የመሙላት ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። “ቀለሁ አለ፣ ባሩድ ይገኛል፣ እርሳስ ከድሮ ባትሪ ይቀለጣል፣ ምን ችግር አለው?” ይባላል። ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖች ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሲሞሉ ያየ ሰው ደግሞ ጭራሽ ልቡ ይደፍራል።

እዚያ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀለህ መሙላት የቆየ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ በተለይ የሸክላ ሰሃን ወደ ላይ እያስወነጨፉ የሚተኩሱ ሰዎች ያዘወትሩታል። ለዚሁ የተሠራ ማሽን አላቸው። ባሩዱ በሚዛን ይረጋገጣል። ከሁሉም በላይ ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ያወጣው ሰንጠረዥ ፊታቸው አለ። ሰንጠረዡ እንዲህ ያለ ቀለህ፣ እንዲህ ያለ ከብሱን (ባሩዱን የምታቀጣጥለው ቂጡ ላይ ያለች)፣ እንዲህ ያለ ውታፍ (በባሩዱና በእርሳሱ መሐል የሚገባው)፣ ይህን ያህል ባሩድ፣ ይህን ያህል እርሳስ ይላል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ፣ ያቺን ትንሿን ከብሱን እንኳ በሌላ ዓይነት ብትተኳት ግፊቱ በአደገኛ ደረጃ ሊጨምር ይችላል። በግምት የሚሆን ነገር የለም።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሳው ሕጉ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድ ማግኘት ጥይት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን “ሕግ ነው” ብቻ ሲባል ሰው ተደብቆ ይሞክረዋል። ስለዚህ ምክንያቱንም ልናገር።

“ባሩድ ባሩድ ነው” የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነጭ ጭስ እያንቦለቦለ የሚነድ ነው፤ አያቶቻችን በስፍር ይለኩት ነበር። የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ ኃይሉ በእጅጉ ይበልጣል። በዚያው ስፍር ቢሞላ አፈሙዙ አይችለውም። ጭስ አልባው ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለሾትጋን፣ ለሽጉጥና ለረጅም ጠመንጃ የሚሠራው የሚነድበት ፍጥነት ይለያያል። በዓይን አይቶ፣ በእጅ አሽቶ መለየት አይቻልም። ስያሜ የሌለው ብልቃጥ ውስጥ ያለ ባሩድ ማንም ባለሙያ አይነካውም።

አሁን አንድ ቁጥር ላንሳ። የአሜሪካ አምራቾች ለተለመደው ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ቀዳዳ ልክ ነው) ጥይት የወሰኑት ከፍተኛ ግፊት 11,500 ፒኤስአይ ነው። ጎሚስታ የመኪናችሁን ጎማ የሚሞላው በ30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል የሚፈጠረው ከግራ እጃችሁና ከፊታችሁ አጠገብ ነው።

ባሩዱ ሲያንስም አትተርፉም። የተኩሱ ድምፅ “ፍስ” ይላል፤ ውታፉ ወይም እርሳሱ አፈሙዙ መሐል ይቀራል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላ ሲመጣ መንገዱ ዝግ ነው። ያኔ አፈሙዙ ይቀደዳል።

የባትሪ እርሳስ ማቅለጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አቧራው ልብስ ላይ፣ ወለል ላይ፣ ድስት ላይ ያርፋል። መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይዞ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ጎረቤት ካለኝ ዝም አልልም።

ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ

የሾትጋን ልክ በጌጅ ይነገራል። አቆጣጠሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ባለ 12 ጌጅ ቀዳዳው 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 20 ደግሞ 15.6። ምክንያቱ የድሮ የእንግሊዝ ልኬት ነው። ልክ በዚያ ቀዳዳ የሚያልፉ 12 የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ላይ አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ። ቀዳዳው ከጠበበ ፓውንዱን ለመሙላት ብዙ ድቡልቡል ያስፈልጋል።

አደጋው እዚህ ነው። ባለ 20 ጌጅ ጥይት ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ቢጎርስ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና ትንሽ ገባ ብሎ ይወተፋል። ከኋላ ሲታይ ባዶ ይመስላል። ተኳሹ “አላጎረስኩም እንዴ?” ብሎ ባለ 12 ጥይት ይጨምርበታል። ከዚያ ምላጭ ይስባል። የቀረውን መናገር አያስፈልግም።

ፋብሪካዎች ባለ 20 ጌጁን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ግን ቢጫ ቀለም ያላቸው ባለ 12 ጥይቶችም ስላሉ በቀለም ብቻ አትመኑ። የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ቤታችሁ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ካለ የሁለቱ ጥይት አንድ ካርቶን ውስጥ አይደር። ኮት ኪስ ውስጥማ ጨርሶ አይገናኙ። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ “እንካ ይቺን” ብሎ የሚሰጣችሁ ልቅ ጥይት የሚያመጣው መዘዝ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

“ገብቷል እኮ” ብሎ መተማመን

ጌጁ ትክክል ሆኖ ርዝመቱ ሊሳሳት ይችላል። ጥይቶች 65፣ 70፣ 76 ሚሊ ሜትር እየተባሉ ይሠራሉ። አታላዩ ነገር ይህ ርዝመት የሚለካው ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ፣ የታጠፈው አፉ ሲዘረጋ መሆኑ ነው። ያልተተኮሰ ባለ 70 ጥይት ከዚያ ያጥራል። ስለዚህ ለ65 የተሠራ የድሮ ማጉረሻ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። መውጫው ጠበበ ማለት ነው፤ ግፊቱ ይንራል።

አፈሙዙን ከሥሩ ፈትታችሁ ስታዩ ጌጁና የማጉረሻው ርዝመት ብዙ ጊዜ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። የአውሮፓ ጠመንጃ ከሆነ በሚሊ ሜትር ነው። ጽሑፉ ከጠፋ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው አትተኩሱበት። አፈሙዙ ላይ እንደ እንጨት ጭረት የተጠላለፈ መስመር የሚታይበት ጥንታዊ ጠመንጃ ካላችሁ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ አድንቁት። ደማስቆ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብረትና ስቲል አንድ ላይ ተጠማዞ የተሠራ። በዘመኑ ጥይት አይሞከርም።

የብረት ፍሬ በአሮጌ ጠመንጃ

አጭር ነው። አሁን አሁን በእርሳስ ፈንታ የብረት ፍሬ ያላቸው ጥይቶች ይመጣሉ፤ ውጭ አገር በረግረግ ቦታዎች እርሳስ ስለተከለከለ። ብረት እንደ እርሳስ አይታጠፍም። ጫፉ በጣም የጠበበ አሮጌ አፈሙዝ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ካርቶኑ ላይ “ስቲል” የሚል ካያችሁ ለአባታችሁ ጠመንጃ አይደለም።

ክረምቱን አልጋ ስር ማሳለፍ

ሱሉልታና እንጦጦ ግርጌ ያለ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስሉ አይነገረውም። ጫማ ይሻግታል። የጥይቱ ካርቶን ይረጥባል። የነሐሱ ቂጥ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ብረት ከሆነ ይዝጋል። የድሮ የወረቀት ቀለህ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ አልገባም ይላል። በግድ የሚገፋ ጥይት ቦታው መጣያ እንጂ ማጉረሻ አይደለም።

ከቆርቆሮው ሥር ጣሪያ ላይ መደበቅም መፍትሔ አይደለም። በጋ ላይ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ይህ መፈራረቅ ባሩዱን ያስረጀዋል። ጥሩው ቦታ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ፣ ከወለል ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ ሳጥን ነው። ጥይቱ ከነካርቶኑ ይቀመጥ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ መታወቂያው ነው።

“እንዳይዝግ” ብሎ ጥይትን በዘይት መወልወል ግን በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ከብሱኗ ይዘልቃል። ከዚያ ጥይቱ ይከሽፋል። ዘይት የጠመንጃ ነው። ለጥይት ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ሲከሽፍ ወዲያው መክፈት

ምላጭ ተስቦ “ቀጭ” ብቻ ካለ የሁሉም ሰው እጅ ወደ መክፈቻው ይሮጣል። ቆይ! ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ አንድ ደቂቃ ቢሆን ደግሞ ምን ይጎድላል? ከዚያ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክፈቱ። የከሸፈውን ጥይት መልሳችሁ አትሞክሩት።

ከዚህ የከፋው ቅድም ያልኩት “ፍስ” የሚል ድምፅ ነው። ሰው “ተኩሷል” ብሎ ያልፈዋል። አቁሙ። ጠመንጃውን አራግፉ። ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን እዩ። ሰማይ ካልታያችሁ የዛሬው ተኩስ አልቋል። ጭቃ ላይ ወድቆ የተነሳ ጠመንጃም እንደዚሁ ይታይ።

“የወፍ ጥይት ሩቅ አይሄድም”

ከ35 እስከ 40 ሜትር ድረስ ነው ወፍ የሚጥለው፤ እውነት ነው። ፍሬዎቹ ግን እዚያ ላይ አይቆሙም። 2.4 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትንሿ ፍሬ ወደ 200 ሜትር ትደርሳለች። ለትልልቅ አውሬ የሚሠራው 8.4 ሚሊ ሜትር ፍሬ ደግሞ ከ600 ሜትር ያልፋል። ዓይን ለማጥፋት ብዙ ኃይል አያስፈልግም።

በፊት ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ላይ 600 ሜትር ማለት ጤፍ፣ ሳርና ከብት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ የአበባ እርሻና ትምህርት ቤት ነው። አባታችሁ ቆሞ የተኮሰበት ቦታ ላይ ቆማችሁ መተኮስ ትችሉ ይሆናል። ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን የድሮው አይደለም። ሠርግ ላይ ወደ ላይ መተኮስን በተመለከተ ምንም አልጨምርም፤ ሙሽራውን ከወደዳችሁት ጠመንጃውን እቤት ተዉት።

ምን እንደምትተኩሱም እወቁ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚግጠው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በዓለም ላይ የሚገኘው በእኛ ደጋ ብቻ ነው። ደግነቱ ክርስቲያኑ ገበሬ ዝይ ስለማይበላ እስከ ዛሬ ከሰው ጋር ተስማምቶ ኖሯል። የአደን ፈቃድ የሚጠየቀው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም።

ለቢላዋ መሮጥ

ይህኛው የእኛው የአገራችን ስህተት ነው፤ የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ቆቋ ወደቀች። ሳትባረክ ከሞተች በክት ናት፤ አትበላም። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቢላዋውን መዝዞ ይሮጣል። ሁለተኛው አፈሙዝ ግን አሁንም እንደጎረሰ ነው። መሬቱ ትልም ነው፣ ጉድባ ነው፣ ኮረት ነው። ከኋላ ደግሞ ልጆች ይከተላሉ።

መላው ቀላል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ተከፋፈሉ። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ቢላዋ ይይዛል። ተኳሹ እንደቆመ ጠመንጃውን አጥፎ ጥይቱን ያወጣል፤ ሯጩ ከዚያ በኋላ ይሮጣል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መጀመሪያ አራግፉ። ወፏ ብትሞትም ትሙት።

አሮጌውን ጥይት መጣል

የዛገ፣ ያበጠ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጥይት ተሰብስቦ ምን ይደረግ? እሳት ውስጥ አይጨመርም። ሽንት ቤት አይጣልም። ቆሻሻ ገንዳ ላይ ከተጣለ የሚያገኘው ልጅ ነው። ፈትቶ ባሩዱን ማውጣትም ከመጀመሪያው ስህተት ጋር አንድ ነው። ፈቃድ ለሰጣችሁ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይመለሳል። ብቻ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ፈቃዳችሁን ብቻ ይዛችሁ ሂዱና መቼና እንዴት እንደሚረከቡ ጠይቁ። ፌስታል ሙሉ ጥይት ይዞ ታክሲ ላይ ተሳፍሮ ኬላ ላይ “ላስረክብ ስሄድ ነው” ማለት ረጅም ቀን ያመጣል።