የግንድ ጎታች አሮጌ ትራክተር ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች ገጠር መንገድ ዳር እሾሃማ ቁጥቋጦ የዋጠው የብረት ክምር ማየት ብርቅ አይደለም። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ሰንሰለት ይወጣል፤ ከኋላው ደግሞ የሽቦ ገመዱ እንደተጠቀለለበት የቀረ ዊንች፣ ማለትም የግንድ መጎተቻው። ማሽኑ ሥራውን ከፈረስና ከበሬ ተረክቦ በጫካ ውስጥ ግንድ ሲጎትት የኖረ ነው። ዛሬ ሥራው ሲቀር ወዳጅ አላጣም። ገዝቶ የሚያድሰው፣ በዓመት አንድ ቀን ሞተሩን አስነሥቶ ለልጆች የሚያሳየው ሰው ብዙ ነው።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ሆኜአለሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ካተርፒላር ዲ2 የተባለ፣ በጎማ ፋንታ በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ ትራክተር ገዝተን፣ ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኛውን በገዛ እጃችን ሠርተናቸዋል። ያተረፉን አገር ቤት በመንገድ ሥራ ዶዘር ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ዝናብ ያልገደለውን ብረት ሰው በአንድ ቅዳሜ ይገድለዋል» አሉኝ። እኔ በእጄ ትልቅ መዶሻ ይዤ ነበር። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከቢጫው ቀለም መጀመር

ሰንሰለት ያለው ማሽን ሁሉ «ካተርፒላር» እየተባለ ስለሚጠራ ታሪኩም ከዚያ ኩባንያ የተጀመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሰንሰለት እየሄደ ግንድ በመጎተት ለእውነተኛ ሥራ የበቃው ማሽን ግን የተወለደው በሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ፣ በሜን ግዛት ነው። የዋተርቪሉ አልቪን ሎምባርድ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በሜይ 1901 ነበር። ማሽኑ ሲያዩት ትንሽ የባቡር ሞተር ይመስላል። ከኋላ በጎማ ፋንታ ሰንሰለት አለው፤ ከፊት በክረምት የበረዶ መንሸራተቻ ይገጠምለታል። ውሃ እየረጩ ባጋገሩት የበረዶ መንገድ ላይ፣ ግንድ የተቆለለባቸውን ተንሸራታቾች እንደ ባቡር ፉርጎ አስከትሎ ይሄድ ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንፋሎት የሚሠሩት 83 ያህል ተሠርተዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መሪ ያዡ ነው። የሚቀመጠው ከእንፋሎቱ ጋን ፊት፣ ማሽኑ አፍንጫ ላይ ነበር። ብርዱ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ የጭስ ማውጫው ፍንጣሪ ከኋላ ይወርድበታል። ማሽኑ ፍሬን አልነበረውም። ቁልቁለት ላይ ከጀርባው የሚገፋው የስንት ተንሸራታች ግንድ ነው፤ ለማቀዝቀዝ መንገዱ ላይ ድርቆሽ ይበትኑ ነበር። በብራድሊ ከተማ ያለው የሜን የደንና የግንድ ሥራ ሙዚየም ከነዚህ አንዱን እያንቀሳቀሰ ያሳያል። በእድሳቱ ላይ የሜን ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች እጃቸውን አስገብተውበታል።

ቤንጃሚን ሆልት በካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን አጠገብ፣ በእንፋሎት ትራክተሩ ላይ ሰንሰለት ገጥሞ የሞከረው በኖቬምበር 24 ቀን 1904 ነው። የእርሱ ችግር ግንድ አልነበረም፤ ከባድ ማሽንን የሚውጥ የዴልታ ረግረግ አፈር ነበር። ተፎካካሪው የቤስት ኩባንያ በ1919 «ስልሳ» የተባለውን ትራክተር አወጣ፤ ግንድ ቆራጮችም ወደዱት። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1925 ተዋህደው ካተርፒላር ትራክተር ኩባንያ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ለእድሳት ምን ይረባል? እስከ 1931 መጨረሻ ድረስ ካተርፒላር ከፋብሪካ ይወጣ የነበረው ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ጽሑፉ በቀይ ተጽፎ ነው። ቢጫው የመጣው በዚያ ዓመት ዲሴምበር ነው። የ1928ን «ስልሳ» ቢጫ ቀብቶ ማቅረብ ቅድመ አያትን የልጅ ልጅ ልብስ አልብሶ ሰርግ እንደ መውሰድ ነው። ብዙ ባለቤቶች በኋላ ዘመን ቢጫ ስለቀቧቸው ከላይ የሚታየው ቀለም ማስረጃ አይሆንም። መሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ ወይም የስም ሳህኑ ሥር፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቀለሙን በምላጭ በትንሹ ፋቅ አድርገው የመጀመሪያውን ንብርብር ይዩ።

ቁጥሩን ሳያነቡ መግዛት

«ዲ2 ነው» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ዲ2 ከ1938 እስከ 1957 ተሠርቷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞተሩ ተለውጧል። የማሽኑ መለያ ቁጥር በ3ጄ ወይም በ5ጄ ከጀመረ የሲሊንደሩ ስፋት 95 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ4ዩ ወይም በ5ዩ ከጀመረ ወደ 102 ያድጋል። 3ጄ እና 4ዩ ጠባቦቹ ናቸው፤ በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል ያለው ርቀት 40 ኢንች ነው። 5ጄ እና 5ዩ ግን 50 ኢንች ናቸው። ለአንዱ የተገዛ ፒስቶን ለሌላው የጠረጴዛ ጌጥ ነው።

ወዳጄ «የዲ2 ነው» ተብሎ በርካሽ ያመጣው የፒስቶን ስብስብ እስከ ዛሬ መደርደሪያችን ላይ አለ። ሻጩ አልዋሸም፤ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ሲገዙ በዚያው ጊዜ የሞተሩን ጎን ከላይ እስከ ታች በባትሪ ብርሃን ይመርምሩት። ባለቤቱ ራዲያተሩን ሳያፈስ አንድ ክረምት አሳልፎ ከሆነ ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን ሰንጥቆታል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሚሆን ዝገት የወረደበትን ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚፈልጉት።

ሰንሰለቱን በማጥበቅ መታለል

ገዢ ሁሉ ሞተር ነው የሚያየው። ገንዘብ የሚበላው ግን ከታች ያለው ነው። ሰንሰለት፣ ሮለር፣ የፊቱ ተሽከርካሪና የኋላው ጥርሳም ጎማ አንድ ላይ ሲታደሱ ማሽኑ ራሱ ከተገዛበት በላይ ሊያስወጡ ይችላሉ።

ሰንሰለት የሚረዝመው ብረቱ ስለተሳበ አይደለም። በየመጋጠሚያው ያለው ፒንና ፒኑን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት (ቡሽ) ስለሚበላ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ 2 ሚሊ ሜትር ቢለቅ፣ 35 መጋጠሚያ ባለው ሰንሰለት ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ የሰንሰለቱ እርምጃና የጥርሱ እርምጃ አይገጥሙም፤ ጥርሱ በአንድ ጎኑ እየተበላ እንደ ሻርክ ክንፍ ይሾላል። የላላውን ሰንሰለት በትልቁ ማስተካከያ ቡሎን ወጥሮ «ታደሰ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሻጭም ያደርገዋል፣ አዳሽም ያደርገዋል። የተወጠረ አሮጌ ሰንሰለት ግን ፒኑን፣ ጥርሱንና የፊቱን ኩሽኔታ በአንድ ጊዜ ይበላል። ላይኛው ክፍሉ በጥቂቱ ወረድ ማለት አለበት።

ጋሼ የሚለኩት እንዲህ ነው። ሰንሰለቱን ወጠር አድርገው፣ ከአንድ ፒን መሐል ተነሥተው አራት መጋጠሚያ ቆጥረው፣ እስከ አምስተኛው ፒን መሐል በሜትር ይለካሉ። ልኬቱን የጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው የአዲስ ሰንሰለት ቁጥር ጋር ያስተያዩታል። ቡሹ የተበላው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ በመጭመቂያ ማሽን ተገፍቶ ግማሽ ዙር ይዞርና ያልተበላው ጎኑ ወደ ሥራ ይመጣል፤ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የጥርሱን ቅርጽ ሳይመለከቱ አዲስ ሰንሰለት መግጠም ግን በተበላ ጥርስ አዲስ አጥንት እንደ መጋጥ ነው፤ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አልዞር ያለ ሞተርን በጉልበት ማዞር

መዶሻ ይዤ ነበር ያልኩት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከመዶሻም የባሰ ያደርጋል፤ ማርሽ አስገብቶ በሌላ ትራክተር ይጎትተዋል። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሳለ ሰንሰለቱ ሲዞር መጀመሪያ የሚሰበረው የትኛው እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። ፒስቶኑ ነጻ ሆኖ ቫልቩ ብቻ ተጣብቆ ከሆነም ቫልቩን የሚገፋው ዘንግ ይታጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው። የቫልቮቹን ክዳን ያንሡ፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ወርዶ እንደሚመለስ ያረጋግጡ። ኖዝሎቹን (የናፍጣ መርጫዎቹን) ያውጡ። በየሲሊንደሩ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ጨምረው ይተዉት። ለቀናት አይደለም፣ ለሳምንታት። በየጥቂት ቀኑ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ መንኮራኩር) ጥርስ በብረት ዘንግ ይዘው ወዲያና ወዲህ በእጅዎ ብቻ ይሞክሩ። የእኛ በሃያ ሦስተኛው ቀን አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰ። እኔ ጮህኩ፤ ጋሼ «በል መልሰው፣ ወደ መጣበት» አሉ። ወዲያና ወዲህ እያሉ መንገዱን ማስፋት እንጂ ወደ ፊት ብቻ መግፋት አይደለም። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) ማንሣት ግዴታ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አይጣሉት፤ አዲሱ በእውነት የዚያ ሞተር መሆኑን የሚያመሳክሩት በእርሱ ነው።

የነዚህ ካተርፒላሮች ናፍጣ ሞተር የሚነሣው ጎኑ ላይ በተቀመጠች ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ትንሿን ሞተር ንቆ «በኤሌክትሪክ ማስነሻ እተካታለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ውለታዋን ስላላወቀ ነው። የትንሿ ጭስ በናፍጣው ሞተር የአየር መግቢያ በኩል ያልፋል፤ ውሃቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ስትሠራ ትልቁን ታሞቀዋለች። ከዚያ በቀላሉ እንዲዞር የሲሊንደሩን ግፊት የሚያስለቅቀውን ማላሊያ ከፍተው ታዞረዋለች፤ የዘይት ግፊቱ ሲታይ ይዘጉና ናፍጣ ይሰጡታል። በሲያትል የክረምት ጠዋት ይህን ሥርዓት የሚያሸንፍ ባትሪ አላየሁም። የኢንተርናሽናል ኩባንያ ትራክተሮች ግን ሌላ ናቸው፤ ራሱ ሞተሩ በቤንዚንና በካንዴላ ተነሥቶ ሲሞቅ ወደ ናፍጣ ይዞራል። እነርሱ ላይ ትንሽ ሞተር ፍለጋ አይድከሙ።

የትንሿ አመል አንድ ነው፤ የቤንዚን መዝጊያዋን ረስተው ከሄዱ ካርቡራተሯ እያንጠባጠበ ቤንዚኑ ዘይቷ ውስጥ ይገባል። እኔ ረስቼ ሄጃለሁ። በሳምንቱ የዘይት መለኪያውን ስመዝ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አስነሥቼው ቢሆን ኖሮ ወይ ኩሽኔታዎቹ ይቃጠላሉ፣ ወይ ጋራዡ። አሁን መዝጊያው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረናል። ጨርቁ ሳይንጠለጠል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የመሪውን ፍሪሲዮን በንዴት መሳብ

ባለሰንሰለት ትራክተር የሚታጠፈው የአንዱን ጎን ሰንሰለት ከኃይል በማላቀቅ ነው። ለዓመታት የቆመ ማሽን ላይ የደረቁት የፍሪሲዮን ሳህኖች በእርጥበት ተያይዘው ይቀራሉ፤ ማንሻው ይሳባል፣ ማሽኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰው ያን ጊዜ በንዴት ይስባል፣ ማያያዣውም ይታጠፋል። ማንሻውን ወደ ኋላ አስረው፣ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ የዚያን ጎን ፍሬን መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። እምቢ ካለ መክፈት ነው። ሲከፍቱ ብናኙን በአየር ግፊት አይንፉት፤ የዚያ ዘመን የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። አሮጌው ቀለምም እርሳስ ስላለው ያለ ጭንብል አይፋቅም።

ክሌትራክ የተባለውን ሌላ ባለሰንሰለት ትራክተር የገዛ ሰው ይህን ምክር ይተወው። የእርሱ መሪ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ሌላ አሠራር ነው።

የጫካ ዕቃውን አውልቆ መጣል

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰው የግንድ ጎታች ይገዛና ዊንቹን ለቁራጭ ብረት ሸጦ ከፊት የአፈር መግፊያ ይገጥማል። የፖርትላንዱ ሃይስተርና የሬንተኑ ካርኮ ዊንቾች፣ ከኋላ የሚጎተተው የግንዱን ጫፍ ከመሬት የሚያነሣው የብረት ቅስት፣ የራዲያተሩ መከላከያ ፍርግርግ፣ ነጂውን ከሚወድቅ ቅርንጫፍ የሚጠብቀው ጣሪያ፣ እነዚህ ናቸው ትራክተሩን ግንድ ጎታች ያደረጉት። ቅስቱ ባይኖር የግንዱ አፍንጫ አፈሩን እያረሰ ማሽኑን ያስቆመው ነበር። እነዚህን ያጣ ዲ2 ማንኛውም እርሻ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል።

የታጠፈ ፍርግርግም ካልተሰበረ አይቅናም። የእኛ በግራ በኩል ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ አለው፤ አንድ ግንድ ተንከባሎ የሳመው ይመስላል። ወዳጄ ሊያቀናው ፈልጎ ነበር፤ ተከራክሬ አስቀረሁት።

የሆዱን መከላከያ ብረት ግን ሳያወልቁ ሞተር እንዳያስነሡ። የእኛን ስናወርድ በሁለት እጅ ተሸክመን የማንጨርሰው የጥድ ቅጠልና ቅርፊት በዘይት ተለውሶ፣ ደርቆ፣ እንደ ኩበት ተጋግሮ ወጣ። መሐሉ ላይ የአይጥ ጎጆ ነበረ። አንድ ፍንጣሪ ይበቃው ነበር።

እርጥብ ብረት ላይ መጫን

ሰንሰለቱ ብረት ነው፤ ትራክተሩ የሚጫንበት ተጎታች መኪና መውጫም ብረት ነው። ዝናብ ሲነካቸው ከሳሙና ይብሳሉ። ትንሹ ዲ2 እንኳ ከሦስት ቶን በላይ ነው፤ ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር በመሪም በፍሬንም አይመለስም። መውጫው ላይ ወፍራም የእንጨት ሳንቃ ያንጥፉ። በዝቅተኛው ማርሽ፣ መሪ ሳይነኩ፣ ቀጥ ብለው ይውጡ። ከጎንና ከኋላ ሰው አይቁም።

የእኛ ሳንቃዎች በሰንሰለቱ ተበልተው መሐላቸው ሳስቷል። ለቀጣዩ ክረምት አዲስ ገዝተናል፤ ጋሼ ግን ውፍረቱን በእጃቸው ለክተው «ይህ ለአልጋ ነው» ብለው መልሰውታል።