ሃርድቶፑ ናፍጣ ከበዛበት መጀመሪያ ፖምፑን አታስነኩ

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ይዤ ወደ ኦሞና ወደ ዳናኪል እንግዳ አመላልሳለሁ። ከኋላ አልጋ አሠርቼለታለሁ። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን አለው። ድንኳኑ ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ነው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፤ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው።

መኪናው ደህና ሲሆን አስፋልት ላይ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድልኛል። አንድ ጊዜ ወደ 6 ወረደብኝ። ጋራዥ ወሰድኩት። ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ፖምፑ ነው» ተባልኩ። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፕ ወረደ፣ ተፈታ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ብዙ ብር ወጣ። ናፍጣው ግን ያው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎማ ላስጠግን ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ልጁ የፊት ግራውን በክሪክ አንስቶ ሊያዞረው ሞከረ። ጎማው አልዞር አለ። የፍሬኑ ፒስተን በአቧራና በዝገት ተጣብቆ የፍሬን ሸራው ዲስኩን ይዞት ነበር። ያን ሁሉ ቀን ፍሬን ይዤ ነው የነዳሁት።

ከዚያ ወዲህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የምሄደው። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ገንዘባችሁ ይተርፋል።

በእርግጥ ጨምሯል ወይ?

የነዳጅ ጌጁን አትመኑ። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዱ። ከዚያ እንደገና እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው መቅጃ ላይ ሙሉና የሄዳችሁትን ለገባው ሊትር አካፍሉ። የኛ ሃርድቶፕ ሁለት ታንከር አለው፤ እያንዳንዱ 90 ሊትር ይይዛል። አንዱን ሞልቶ ሌላውን በግምት ማለፍ ሂሳቡን ያበላሻል። ወይ ሁለቱንም ሙሉ፣ ወይ በአንዱ ብቻ ንዱ።

ጎማ በትልቅ ከተቀየረ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። መኪናው ናፍጣ የጨመረ ይመስላል እንጂ አልጨመረም። የስልካችሁን ጂፒኤስ ከፍታችሁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አመሳክሩት።

ጭስ የለም፣ ጉልበቱ ደህና ነው፣ ግን ናፍጣ ይጨርሳል

ብዙው ሊትር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚጎትተው ነገር ነው የበዛበት።

መጀመሪያ ጎማ። ዳናኪል አሸዋ ስንገባ ንፋስ እናወጣለን፤ ትክክል ነው። ስንወጣ ግን ደክሞናል፣ እንግዳውም ሻወር ናፍቆታል፣ ሳንሞላ አስፋልት እንይዛለን። በጎደለ ጎማ ሰመራ ድረስ መንዳት ናፍጣም ጎማም ይጨርሳል፤ ጎማው ግሎ ሊፈነዳም ይችላል። ልኩ ሹፌሩ በር ጋ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ትንሽ የንፋስ መሙያ ይዞ መሄድ ያዋጣል።

ቀጥሎ ፍሬን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዙ ነድታችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬን ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ አቁሙ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ፣ ያንን ጎማ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት። ፍሬን የያዘ ከሆነ ካሊፐሩ (ፒስተኑን የያዘው ክፍል) ተፈቶ ይጸዳል፣ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ይቀየራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ከጭቃ ወይም ከአሸዋ ከወጣችሁ በኋላ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ ከሎክ (ከተቆለፈ) ወደ ፍሪ (ወደ ተለቀቀ) መልሳችኋል? ባለአራቱን ማርሽስ አውጥታችኋል? በአራቱ ጎማ አስፋልት ላይ መንዳት መኪናውን ጠፍሮ ይይዘዋል። መሪ ሲዞር የሚታገል ከመሰላችሁ ወዲያው እዩት።

ከዚያ ጣሪያው። የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በጣም ይብሳል። ከ80 ወደ 100 ስትወጡ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፣ ንፋሱ ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ድንኳንና ጀሪካን ተሸክሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ለቆመ መኪና ይህ ብዙ ናፍጣ ነው። ጉዞ ከሌለ ፖርቶ መጋላውን ባዶ አድርጉ። እኔ ከባዱን ዕቃ ወደ ውስጥ አስገብቼ ከ80 እስከ 85 ባለው እነዳለሁ። ልዩነቱ ማደያ ላይ ይታያል።

ጥቁር ጭስ

ጥቁር ጭስ ማለት አየር ያነሰው ወይም ናፍጣ የበዛበት ሞተር ነው። ግን መጀመሪያ የት እንዳላችሁ አስቡ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ትንሽ ቢያጨስ በሽታ አይደለም። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ እዚያም ያንኑ ያህል ካጨሰ ግን ችግር አለ።

የአየር ፊልትሮውን አውጡት። ከቱርሚ መልስ አንዴ ሳወጣው እጥፋቶቹ መሃል ቀይ አፈር ተጋግሮ ነበር፤ ጎማው ላይ መታ ሳደርገው የቡና ስኒ የሚሞላ አፈር ወረደ። ኮምፕረሰር ካለ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ንፉት። ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ወደ ውስጥ ትሰኩታላችሁ። ከዚያ ባትሪ ውስጡ አብሩበት። ብርሃኑ በእኩል ካልታየ ይቀየር፤ ቀዳዳ ከታየ ያኔውኑ ይጣል። ጠርዙ ላይ ያለውን ጎማም እዩ። በዚያ በኩል የሚገባ አቧራ የሚበላው ሞተሩን ነው።

ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ ጭሱ ካልለቀቀ ወደ ኖዝል፣ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው፣ እንሂድ። ጥሩ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጫል። ያለቀ ኖዝል ያንጠባጥባል፤ የተንጠባጠበው በደንብ ሳይነድ በጭስ ማውጫ ይወጣል። አስፈትታችሁ መሞከሪያ ማሽን ላይ ሲረጭ በዓይናችሁ እዩ። «ቀይሬዋለሁ» የሚል ቃል አይበቃም።

ፖምፕ የሚነካው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ የፖምፑ ብሎን ተነክቶ ከሆነ ቆላ ላይ ደስ ይላል፤ ደጋ ስትወጡ ግን ናፍጣው ወደ ጭስ ይለወጣል። ወደ ልኩ መመለስ አለበት። እሱም በጆሮ አይደለም፣ በማሽን ነው።

ነጭ እና ሰማያዊ ጭስ

ጠዋት በብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ ተዉት። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና ጥሬ ናፍጣ ከሸተተ ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ዘግይቷል ወይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ኃይል) ደክሟል። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) አስመርምሩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው።

የሙቀት ጌጁ ከታች አይነሳም

ይህ ያሳዝነኛል፤ እኛው በእጃችን የምናመጣው ችግር ነውና። ሞተር ሲግል «ቴርሞስታቱን ንቀለውና ተገላገል» የሚል ምክር በየጋራዡ አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በተለይ ደጋ ላይ በወጉ አይሞቅም። ያልሞቀ ናፍጣ ሞተር ብዙ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ በራዲያተሩ ሳያልፍ ይዞራል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የቀዘቀዘው ሞተር ዳገት ላይ ሊግልም ይችላል። ትክክለኛውን ገዝታችሁ አስገጥሙ። ዋጋው ከሁለት ሙሌት ናፍጣ በብዙ ያነሰ ነው።

ሌሎች ቶሎ የሚታዩ

ነዳጅ ስትሰጡ ቬንትሌተሩ (ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው) ሁልጊዜ እንደ አውሮፕላን የሚጮህ ከሆነ የራሱ የቬንትሌተሩ ክላች ተጣብቆ ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ እያለ በእጅ ሲዞር መጠነኛ ክብደት ብቻ ነው ሊኖረው የሚገባው። ዳገት ላይ አርፒኤሙ እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ጠዋት ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ የናፍጣ ጠብታ ካለ ትርፍ ናፍጣ ከኖዝሎቹ የሚመልሰውን የጎማ ቱቦና ማያያዣዎቹን እዩ።

ዓባይ በረሃ ላይ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ ዜሮ ማርሽ አድርገው «ናፍጣ የሚቆጥቡ» ባልደረቦች አሉኝ። እባካችሁ ተዉት። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ፖምፑ ናፍጣውን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ፖምፑ ለሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ለሚዞርበት) ናፍጣ መስጠት አለበት። ስለዚህ ዜሮው ነው የሚበላው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ እንግዳና አልጋ ጭኖ፣ በፍሬን ብቻ መውረድ ደግሞ ሸራውን ያቃጥላል። ጫፉ ላይ ሳላችሁ ሦስተኛ አስገቡ፤ መኪናው ከሮጠባችሁ ፍሬን ይዛችሁ ወደ ሁለተኛ ቀንሱ።