የስፖርት መኪናን ለውድድር መም ማዘጋጀት
ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ ያለችግር የሚይዝ ፍሬን በውድድር መም ላይም ያስተማምናል ማለት አይደለም፤ በመም ላይ ከከፍተኛ ፍጥነት በተደጋጋሚ ሲያዝ የሚፈጠረው ሙቀት ለመብረድ ጊዜ አያገኝምና። ስለዚህ ዝግጅትዎን ከፍሬን ዘይቱ ይጀምሩ። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ስቦ ሲያረጅ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው የመፍያ ሙቀት ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከፈላም በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት በቀላሉ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሊሰምጥ ይችላል። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሲገዙ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ቀድሞ የተከፈተ ጠርሙስ አይቀበሉ። ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ውፍረትም ያስለኩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሯ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ይህ ብልሽት አይደለምና መካኒክዎን አይውቀሱ። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙን ያረጋግጡ።

የጎማ ንፋስ በሙቀት ስለሚጨምር ከጥቂት ዙር በኋላ ደግመው ይለኩ። የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ነድተው ፍሬኑንና ሞተሩን ያብርዱ፤ ሲያቆሙም የጋለው ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዳይጣበቅ የእጅ ፍሬን ሳይስቡ ጎማውን በታኮ ይያዙ።