በአርቪ ውስጥ የፍራሽ ሥር እርጥበትን እንዴት እንዳስወገድሁ

አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ከተማ አጠገብ አቁሜ ዓመቱን ሙሉ የምኖርበት አርቪ (እንደ ቤት የሚያገለግል ተሽከርካሪ) በመጀመሪያዎቹ የብርድ ወራት ክፉኛ አስቸግሮኝ ነበር። አንድ ጠዋት አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ባነሣው የታችኛው ጨርቅ ርሶ፣ ፍራሹ የተኛበት ኮምፔንሳቶም ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አውጥቶ አገኘሁት። ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ መገጣጠሚያውን ሁሉ እንደገና አሸግሁ፤ ለውጥ ግን አልነበረም።

በኋላ እንደተረዳሁት ውኃው የራሴ ትንፋሽና የምድጃው እንፋሎት ነበር። ምድጃው የሚሠራበት ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔን፣ 1 ኪሎው ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ስለሚያወጣ፣ መስኮት ዘግቼ ሽሮ በሠራሁ ቁጥር ያ ሁሉ እርጥበት ቤት ውስጥ ይቀርና አየር የማይደርስበትን ቀዝቃዛ የአልጋ ወለል ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጣል።

ስለዚህ ኮምፔንሳቶውን አውጥቼ በጣውላ ርብራብ ተካሁት፤ ከፍራሹ ሥርም 5 ሳንቲሜትር ያህል አየር የሚመላለስበት ክፍተት ተውሁ። ምግብ ሳበስል የጣሪያውን ማራገቢያ አስነሥቼ አንዱን መስኮት በጣት ስፋት ገርበብ አደርጋለሁ፤ ማታ ደግሞ አነስተኛ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ይሠራል። ከ70 በመቶ በላይ ያሳይ የነበረው የእርጥበት መለኪያ አሁን 45 አካባቢ ይውላል። በእኔ እምነት ዋናው ርብራቡ ነው፤ ማሽኑን ብቻ በሞከርሁባቸው ሁለት ሳምንታት የመስኮቱ መስታወት ቢደርቅም ፍራሹ እንደረጠበ ነበር።