የኔትሎጎ ሞዴል አልሠራ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

የእህቴ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ ኔትሎጎ በሚባል ፕሮግራም ላይ ሲሙሌሽን ልትሠራ ፈለገች። ከኢንተርኔት አንድ ሞዴል አወረደች። ሦስት ቀን ታገለችው፣ እምቢ አላት። «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም መሰለኝ» ብላ ደወለችልኝ። አብረን ቁጭ ብለን ስናየው ሞዴሉም ላፕቶፑም ደህና ናቸው። ፋይሉ የተጻፈው ለሌላ ስሪት ነበር፣ በቃ። ጎበዝ ተማሪ በእንዲህ ያለ ነገር ተስፋ ሲቆርጥ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ልጻፍላችሁ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ በኤጀንት ላይ የተመሠረተ ሞዴል ውስጥ እያንዳንዱ በግ፣ እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ መኪና የራሱን ሕግ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም ድምር ምን እንደሚወጣ ደግሞ ስክሪኑ ላይ እናያለን። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠራበትን ኔትሎጎን ዩሪ ዊሌንስኪ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 የሠሩት ነው። በነፃ ይገኛል።

«ከፈትኩት፣ ግን ባዶ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው»

ምንም አልተበላሸም። ፕሮግራሙ ሲከፈት አዲስ ባዶ ሞዴል ነው የሚያሳየው። ምሳሌዎቹ ግን አብረውት ተጭነዋል። «ፋይል» የሚለውን ከፍታችሁ «ሞዴልስ ላይብረሪ» ውስጥ ግቡ። «ሳምፕል ሞዴልስ» ሥር ባዮሎጂ፣ ሶሻል ሳይንስ፣ ኧርዝ ሳይንስ እያለ በየዘርፉ ተደርድሯል። «ኮድ ኤግዛምፕልስ» የሚለውን እንዳታልፉት። እዚያ ያሉት አጫጭር ናቸው፤ አንድ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ ያሳያሉ። ለጀማሪ ወርቅ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዴ ካወረዳችሁ ኔትወርክ ቢጠፋም ትሠራላችሁ። የሌላ ሰው ሞዴል ከማውረዳችሁ በፊት ከላይብረሪው ጀምሩ የምለው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የላይብረሪው ሞዴሎች ከጫናችሁት ስሪት ጋር የሚገጥሙ ናቸው። እነሱ ከሠሩ ኮምፒውተራችሁ ደህና ነው ማለት ነው፤ ችግሩን ከወረደው ፋይል ላይ ትፈልጋላችሁ።

«ጎ የሚለውን ብጫን ምንም የለም»

መጀመሪያ «ሴታፕ» የሚለው ቁልፍ መጫን አለበት። ሴታፕ ኤጀንቶቹን ይፈጥራል፣ የጊዜ ቆጣሪውንም ዜሮ ላይ ያስቀምጣል። ቆጣሪው ካልተነሳ «ጎ» ይደበዝዛል፣ ወይም ስለ ቲክ (የጊዜ) ቆጣሪ የሚናገር የስህተት መልእክት ይመጣል። ሌላም አለ፦ እንደ ለመድነው ሁለቴ ክሊክ ካደረግን የመጀመሪያው ያስነሳዋል፣ ሁለተኛው ያቆመዋል። አንዴ ብቻ ተጫኑት።

በጣም ከፈጠነ ወይም ከተንቀራፈፈ ከላይ ያለውን የፍጥነት ስላይደር ግራ ቀኝ አድርጉት። ውጤቱን ብቻ ከፈለጋችሁ «ቪው አፕዴትስ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱት፣ ስዕሉን መሳል ስለሚያቆም ይፈጥናል።

«ያወረድኩት ሞዴል ስከፍተው ኮዱ ላይ ቢጫ የስህተት መስመር ይወጣል»

የእህቴን ልጅ ያስቸገራት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የወጣው 6ኛው ስሪት አንዳንድ የኮድ አጻጻፎችን ቀየረ። ድሮ በጥያቄ ምልክት ይጻፍ የነበረው ዛሬ በቀስት ምልክት ነው የሚጻፈው። ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል ራሱ ለመቀየር ይሞክራል፣ ግን ሁሌ አይሳካለትም። 7ኛው ስሪት ደግሞ የፋይሉን ዓይነት ራሱን ስለቀየረ፣ በእሱ የተቀመጠ ሞዴል 6 ላይ አይከፈትም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና «ኔትሎጎ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጉ። አጠገቡ ሞዴሉ የተሠራበትን ቁጥር ታገኛላችሁ። ከዚያ ያንኑ ስሪት አውርዳችሁ ጫኑ። ሁለት ሦስት ስሪት አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይጣሉም። እኛም 5ኛውን ጫንንላት፣ ሞዴሉ ወዲያው ተነሳ።

«ሴታፕ ስጫን ፋይል አልተገኘም ይላል»

ሞዴሉ ካርታ ወይም የዳታ ፋይል ያነባል፣ እናንተ ግን ያወረዳችሁት ሞዴሉን ብቻ ነው። ወይም ዚፑን ሳትፈቱ ከውስጡ ከፍታችሁታል። ዚፑን ፍቱ፣ ሁሉንም ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። በብሮውዘር በሚሠራው ኔትሎጎ ዌብ እየሞከራችሁ ከሆነ ደግሞ እንደ ጂአይኤስ (የካርታ ዳታ ማንበቢያ) ያሉ ተጨማሪዎች እዚያ አይሠሩም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ያስፈልጋችኋል።

«ይሠራል፣ ግን እንስሶቹ በሙሉ አለቁ»

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። ባዮሎጂ ውስጥ «ዎልፍ ሺፕ ፕሪዴሽን» የሚባል የተኩላና የበግ ሞዴል አለ። ሁለት አሠራር አለው። አንደኛው በግና ተኩላ ብቻ ነው፤ ሣሩ አያልቅም፣ በጎቹም አይራቡም። እዚህ ተኩላዎቹ በጎቹን ይጨርሱና በረሃብ ያልቃሉ። ካልሆነም ተኩላዎቹ ቀድመው ይጠፋሉ፣ በጎቹ ብቻቸውን ይበዛሉ። በጎቹ ከ30,000 ሲያልፉ በጎች ምድርን ወረሱ የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ስህተት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። «ሞዴል ቨርዥን» ከሚለው ላይ ሣር ያለበትን ምረጡ። ሣሩ ሲግጡት ስለሚያልቅና ለመብቀል ጊዜ ስለሚወስድ፣ በጎቹን ይገታቸዋል። ያኔ ሁለቱም ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ይቀጥላል።

«ሴግሪጌሽን» (የሰፈር መለያየት) የሚባለው ሞዴልም እንዲሁ ያደናግራል። መነሻው የቶማስ ሼሊንግ ሥራ ነው፤ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙ ናቸው። እያንዳንዱ ነዋሪ ከጎረቤቶቹ ቢያንስ 30 በመቶው እንደ እሱ እንዲሆኑ ይፈልጋል እንበል። መጨረሻ ላይ ግን በአማካይ 70 በመቶ አካባቢ ተመሳሳይ ጎረቤት ይዞ ይገኛል። ማንም ያን ያህል መለያየት አልፈለገም፣ ግን መጣ። አሁን የሚፈልጉትን በመቶ የሚወስነውን ስላይደር ወደ 90 ብትወስዱት ሞዴሉ አይቆምም። ኮምፒውተሩ ደርቆ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ስለማይገኝ ሁሉም እየተነሳ ይሄዳል። «ጎ»ን ደግማችሁ ተጭናችሁ አቁሙት፣ ቁጥሩን ቀንሱ።

በእያንዳንዱ ሩጫ ውጤቱ ቢለያይም አትደንግጡ፣ ኤጀንቶቹ በዕጣ ነው የሚንቀሳቀሱት። ያው ውጤት እንዲደገም ከፈለጋችሁ፣ ከሴታፕ በፊት የዕጣውን መነሻ ቁጥር በ«ራንደም ሲድ» ትእዛዝ ስጡት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አንድ ሩጫ በቂ አይደለም። «ቱልስ» ውስጥ «ቢሄቪየርስፔስ» የሚባል አለ። ስንት ጊዜ እንደሚሮጥና የትኛው ስላይደር እንደሚቀያየር ትነግሩታላችሁ፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ አድርጎ ያስቀምጥላችኋል።