አልድን ያለ የአረጋውያን የእግር ቁስል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቅልጥም ቆዳ ተገሽልጦ ከተንጠለጠለ፣ በዕድሜ ለሳሳ ቆዳ ትንሽ ግጭት በቂ ምክንያት ነው። የተላጠው ቆዳ በመቀስ አይቆረጥም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ታጥቦ በእርጥብ ጎዝ ቀስ ተብሎ ወደ ቦታው ይመለስና የቫዝሊን ጎዝ ይደረግበታል። ፕላስተር በቀጥታ ከተለጠፈበት ሲነሳ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር ይዞ ይነሳል።

እግር በልዞ ካበጠ ደም ከቆዳ ሥር ፈስሷል ማለት ነውና በቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዝ፣ ከፍም ይበል እንጂ በወጌሻ አይታሽ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስዱ አረጋዊ እብጠታቸው እየተወጠረ ከሄደ ወይም ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን ከተመቱ፣ ባያማቸውም እንኳ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይወሰዱ።

በደሴም በኮምቦልቻም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግን ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የሚወጣ፣ ውሃ የሚያዥ፣ ዙሪያው የጠቆረና ወደ ማታ እግሩን የሚያሳብጥ ቁስል ነው። ምክንያቱ የደም መላሽ ሥሮች መድከም ነው፤ ደሙ ወደ ላይ መመለስ አቅቶት እግር ላይ ስለሚጠራቀም ቅባት ቢቀያየር ቁስሉ አይዘጋም። ቤተሰብ ግን የአምፒሲሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። ዱቄቱ ከላይ ደርቆ ይጋገራል፣ ከሥሩ መግል ይቋጥራል፤ ይህን ቅርፊት በውሃ እያራስሁ ሳነሳ አረጋውያኑ የሚችሉት ስቃይ እጅግ ያሳዝነኛል። እባካችሁ ተዉት፤ ቡናም አመድም አይደረግበት።

መፍትሄው ላስቲክ ፋሻን ከጣቶች ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች መጠቅለልና ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ቁስሉን ብቻ ዙሪያውን ማሰር ከበታቹ ያለውን እብጠት ያባብሳል፤ ከሰዓት ሳይደርስ የሚላላ ርካሽ ፋሻም ገንዘብ ማባከን ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚነግዱ አንዲት እናት ቅባት ሲቀያይሩ ኖረው፣ በትክክል ከተጠቀለለላቸው በኋላ ቁስላቸው በጥቂት ወራት ተዘጋ። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ አባት ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ ፋሻውን ያርሱት ነበር፤ ሸኻቸውን ጠይቀው በፋሻው ላይ ማበስ እንደሚበቃ ሲነገራቸው ቁስሉ መድረቅ ጀመረ።

ከመጠቅለል በፊት ግን የእግር ጀርባ የደም ምት በባለሙያ ይዳሰስ። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ምቱ ከጠፋ ወይም ሌሊት የሚያመው ሲንጠለጠል የሚቀለው ከሆነ ደም ወሳጁ ጠቧልና መጠቅለል እግር ያሳጣል። ከተጠቀለለ በኋላ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያውኑ ይፈታ።

የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ከሰል ዳር ሲያሞቅ ሳይሰማው ቢቃጠል በዚያው ቀን ይታከም። በሦስት ወር ያልዳነ ወይም ጠርዙ ያበጠ ቁስል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰድለት።